አንድ ዘር፣ ሁለት መልክ፤ የበረሃ አንበጣና የሞያሌ ወሰን

ሞያሌ አንዲት ከተማ ስትሆን የሚያስተዳድሯት ግን ሁለት መንግሥታት ናቸው። የኬንያና የኢትዮጵያ ወሰን ገበያዋንም የቤተሰብ ሐረጓንም ለሁለት ይከፍላል። የበረሃ አንበጣ ግን ይህን ወሰን አያውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ማብቂያ መንጋው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ገባ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ሞያሌ የምትገኝበትን የማርሳቢት ካውንቲ ጭምር ወረረ። ለኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ መቅሠፍት ነበር። ሣርና ቅጠል መጥፋቱ ለቦረናና ለገብራ አርብቶ አደር የላሙ፣ የግመሉና የልጁ ወተት መጥፋት ነው።

ይህ አጥፊ ፍጥረት ከየት ይመጣል? ለረጅም ዘመን ሊቃውንት ብቻውን የሚኖረውን ምንም የማይጎዳ ነፍሳትና በመንጋ የሚተመውን አንበጣ እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጥሯቸው ነበር። በ1921 የሩሲያ ተወላጁ ቦሪስ ኡቫሮቭ በለንደን ሆኖ ተጓዥ አንበጣ በሚባለው ዘመዱ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሁለቱ የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች መሆናቸውን አስታወቀ። ነገሩ ለበረሃ አንበጣም እውነት ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች የለውጡን መነሻ ደረሱበት፤ ዝናብ ዘንቦ ነፍሳቱ ሲበዙና ሲጨናነቁ የኋላ እግራቸው ይነካካል፤ በነርቫቸውም ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ባሕታዊው መንጋ ፈላጊ ይሆናል። የዘር ውርሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚነበበው የውርሱ ገጽ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የዕድሜ ነው። ከእንቁላል የሚወጣው ኩብኩባ ክንፍ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጊዜ ቆዳውን ገፍፎ በመጨረሻ ክንፍ ያወጣል። ይህን ለውጥ የሚያዘው ምን እንደሆነ ለማወቅ በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ ደም መጣጭ በሆነ የደቡብ አሜሪካ ትኋን ላይ ሙከራ አድርጎ፣ ከአንጎል አጠገብ ያለች ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ነፍሳቱን በልጅነቱ እንደሚያቆየው አሳየ። በዘመናችን የዘረመል ተመራማሪዎች ምሥጢሩን ይበልጥ ገለጡት፤ የልጅነት ሆርሞን እስካለ ድረስ ኬአር-ኤች1 የተባለው ዘረመል ጉልምስናን ያግዳል፤ ሆርሞኑ ሲቀንስ ኢ93 የተባለው ዘረመል ተነሥቶ የአዋቂውን አካል ያሠራል።

የለውጡ ሥርዓት በየብስ የተወሰነ አይደለም። የአንበጣ የሩቅ ዘመድ የሆነው ሸርጣን እናቱን በማይመስል እጭነት በባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ቆዳውን እየገፈፈ በባሕር ወለል የሚራመድ ፍጥረት ይሆናል፤ ሁለቱም ቆዳ የሚገፉት በአንድ ዓይነት የሆርሞን ቤተሰብ ትእዛዝ ነው። በ2020 የታተመው የበረሃ አንበጣ የዘር ውርስ ንባብ ደግሞ 8.8 ቢሊዮን ያህል ፊደላት እንዳሉት አሳይቷል፤ ይህም ከሰው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ለአርብቶ አደሩ ምን ይጠቅመዋል? ኩብኩባ በእግሩ ስለሚሄድ ሊከበብ ይችላል፤ አዲስ ቆዳ እንዳይሠራ የሚከለክለው መድኃኒትም የሚሠራው በእርሱ ላይ ብቻ ነው፤ ክንፍ ያወጣ አንበጣ ከእንግዲህ ቆዳ አይገፍምና። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። ኢትዮጵያ በ1958 ያጣችው 167 ሺህ ቶን እህል የዚህ ምስክር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በጋራ ማቋቋማቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ2020 ከሰሜንና ከምሥራቅ ወደ ኬንያ የገባው መንጋ በዚያው እንቁላሉን ጣለ፤ ክንፍ ካወጡት ልጆቹም ከፊሉ በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በአንዱ ወገን ችላ የተባለ ኩብኩባ ለሌላው ወገን የሰማይ መዓት ይሆናል። ስለዚህ በሞያሌ የሚያዋጣው፣ የመጨረሻው ቆዳ ሳይገፈፍ ወሬው ወሰኑን መሻገሩ ነው።