ያልተጻፈው ሰባተኛ መጽሐፍ

በ1975 ዓ.ም. በሁለት አገር ስለ ጦርነት የተሠሩ ሁለት ሥራዎች ለሕዝብ ደረሱ። አንደኛው አዲስ አበባ ላይ የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ሐምሌ ጃፓን ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው «ሃዳሺ ኖ ጌን» የተባለ የካርቱን ፊልም ነው። ስሙ በእኛ አፍ «ባዶ እግሩ ጌን» እንደማለት ነው።

ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እዚህ አቃቂ ቃሊቲ የሰፈራችን ልጆች ስልክ በጃፓን አኒሜ የተሞላ ነው። ከእነሱ ጋር ስናወራ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ «ጃፓኖች እንዴት የፈለጉትን ይሠራሉ? እነሱ ጋ ሳንሱር የለም እንዴ?» መልሱ «አለ፣ ነበረም» ነው። ከእኛ የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ስለዚያ ልጻፍ። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ከጃፓን እንጀምር። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጣችው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1947 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 21 ሳንሱርን በግልጽ ይከለክላል። በዚያው ጊዜ ግን አገሪቱን የያዘው የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ጋዜጣውን፣ መጽሐፉንና ፊልሙን ይመረምር ነበር። ስለ አቶሚክ ቦምብ የሚጻፈውም በዚያ ወንፊት ያልፍ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሳንሱር መኖሩን መጥቀስም ራሱ ክልክል ነበር። ሕጉ «ሳንሱር የለም» ይላል፤ ሳንሱሩ ደግሞ «እንዳለሁ አታውሩ» ይላል።

ኬጂ ናካዛዋ በዚህ ዘመን ያደገ ልጅ ነው። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ የ6 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን፣ እህቱንና ታናሽ ወንድሙን በዚያች ቀን አጣ። ካደገ በኋላ ሠዓሊ ሆነና እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያየውን በሥዕላዊ ታሪክ፣ እነሱ ማንጋ በሚሉት፣ ማውጣት ጀመረ። ቦምቡን የጣሉትን ብቻ ሳይሆን ጦርነቱን የጀመሩትን የገዛ አገሩን ጄኔራሎችና ንጉሠ ነገሥቱንም ከሰሰ። የ1983ቱ ፊልም የተሠራው ከዚህ ነው።

ሥራው ሁሉን አላስደሰተም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012፣ ናካዛዋ በሞተበት ወር፣ የማጹኤ ከተማ የትምህርት ቦርድ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወርዶ ጓዳ እንዲገባ አደረገ። ምክንያቱ የጃፓን ወታደሮች የፈጸሙትን ጭካኔ የሚያሳዩት ሥዕሎች ለልጅ አይሆኑም የሚል ነበር። ነገሩ በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ሲሰማ ግን ተቃውሞው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ቦርዱም በዚያው ወር እገዳውን አነሳ። እንግዲህ ጃፓንም ውስጥ የሚከለክል እጅ አለ። ግን የተከለከለው መጽሐፍ ተመለሰ፤ ደራሲውም ተከታታዩን እስከ 1987 ጽፎ ጨርሶ፣ በሰባዎቹ ዕድሜው በሕመም ነው የሞተው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቤታችን።

የእኛም ወረቀት መልካም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት የንግግርና የጽሑፍ ነጻነት «በሕግ መሠረት» የተፈቀደ መሆኑን አስፍሮ ነበር። ጓዙ ያለው «በሕግ መሠረት» የምትለዋ ውስጥ ነው። በ1955 ዓ.ም. አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን አወጣ። በእናቱ ሆድ ያለ ጽንስ «እንዲህ ያለ አገር ላይ አልወለድም» ብሎ የሚሟገትበት መጽሐፍ ነው። አቤ በእኛ በሰምና ወርቁ መንገድ ነበር የሄደው። አንባቢ ግን ወርቁን ወዲያው አገኘው፤ ባለሥልጣንም አገኘው። መጽሐፉ ታገደ።

ደርግ ሲመጣ አሠራሩ ጠበቀ። የመጽሐፍ ረቂቅ መጀመሪያ በሳንሱር ያልፋል፤ ይሁንታ ካላገኘ ማተሚያ ቤት አይነካውም። በዓሉ ግርማ ይህን አሠራር ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበርና። «መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ አሜሪካ ሄዶ ጋዜጠኝነት ተምሯል። ቀይ መስመሩ የት እንደተሰመረ አልጠፋውም።

በጥር 1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ላይ ታወጀ። በዓሉ ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ ኤርትራ ከሄዱት አንዱ ነበር። ዘመቻው ናቅፋ ላይ ከሸፈ። በዓሉ ከዚያ ይዞ የተመለሰው «ኦሮማይ»ን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ ድል እንዲያወራ ተልኮ ሌላ ነገር ያያል። ርዕሱ አሥመራ ከጣልያንኛ የወረሰችው ቃል ነው፤ «በቃ፣ አከተመ» ማለት ነው። ባለሥልጣናቱ በልቦለዱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፤ ሕዝቡም አየላቸው።

መጽሐፉን ያሳተመው የመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ በኮንትሮባንድ የገባ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ እዚሁ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። አምሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር።

በዓሉና ናካዛዋ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው የተወለዱት፤ ሁለቱም አገራቸው ስለ ጦርነቷ የነገረቻቸውን አልቀበልም አሉ። አንዱ ሥራው ጓዳ ገብቶ ወጣ። ሌላው ራሱ ጠፋ፤ መጽሐፉ ግን ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ታትሞ፣ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ደረሰ። «አየህ፣ እውነት አትቀበርም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ያጨበጭባል። እኔ ግን አላጨበጭብም።

ለምን? እስቲ እንቁጠር። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962፣ «የኅሊና ደወል» በ1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» በ1972፣ «ሐዲስ» እና «ኦሮማይ» በ1975። በ13 ዓመት 6 ልቦለድ። ሰባተኛውስ? ስምንተኛውስ? የ1977ቱን ረሃብ፣ የሠፈራውን፣ የደርግን መውደቅ በዓሉ እንዴት ይጽፈው ነበር? የታገደ መጽሐፍ ቢያንስ ስም አለው፤ እንፈልገዋለን፤ አንድ ቀን እናገኘዋለን። ያልተጻፈ መጽሐፍ ግን ስም የለውም። ማንም አይፈልገውም። የሳንሱር ትልቁ ኪሳራ እዚያ ነው ያለው፤ የማይቆጠረው ውስጥ።

«ሳንሱር ባይኖር ሰምና ወርቃችን ይደኸይ ነበር፤ ጭቆና ጥበብን ያሰላል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ቅኔ ጌጥ የሚሆነው ደራሲው መርጦ ሲለብሰው ነው፤ ሌላ ልብስ ስለተከለከለ ከለበሰው ዩኒፎርም ነው። አቤንም ሰሙ አላዳነውም። በዚህ ክርክር የምንጠቅሰው ደግሞ ተርፈው ያየናቸውን ብቻ ነው። ረቂቁን ምድጃ ውስጥ የጨመረውን ማን ይጥቀስልን?

ሕጉስ? ሕጉ ተቀየረ። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን አስቀረ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ደግሞ ማንኛውም ዓይነት ቅድመ ምርመራ የተከለከለ መሆኑን ደነገገ። ከጃፓኑ አንቀጽ 21 ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ወንድማማቾች ይመስላሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ረቂቁን ይዞ ደጅ ለጠና ደራሲ ሕልም ነበር።

ግን ሳንሱር ቦታውን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ዱሮ ከመታተሙ በፊት ይመጣ ነበር፤ አሁን ከታተመ በኋላ መጣ። በ2004 ዓ.ም. የተወሰኑ ወጣቶች «ዞን 9» የሚል ጦማር ጀመሩ። ስሙን ያገኙት ከእኛው ሰፈር ነው። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት 8 ዞን አለው ይባላል፤ ዘጠነኛው እኛ ውጭ ያለነው ነን ለማለት ነው። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በኋላም በጸረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ነጻ ቢባሉም ከአንድ ዓመት በላይ በእስር አልፏል። ውጭ ሆኖ ይህን ያየ ወጣት ጸሐፊ ምን ተማረ? የተማረውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»።

እኔ ቋሚ ቀጣሪ የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ለዚህም ለዚያም እጽፋለሁ። ባለፉት ዓመታት «ይህን እንዳትጽፍ» ያለኝ ባለሥልጣን የለም። «ይቺን አንቀጽ ብንተዋትስ?» ያለኝ አዘጋጅ ግን አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። እኔም ብዙ ጊዜ አንቀጿን ከእሱ ቀድሜ አውቃታለሁ። ቀይ እስክሪብቶ የለም፣ ማኅተም የለም፣ ቢሮ የለም። «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ነገር አለ። ቢሮ ቢሆን በአዋጅ ይዘጋ ነበር፤ ሆድን የሚዘጋ አዋጅ ግን የለም።

ለልጆቹ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ጃፓኖች ከእኛ ይልቅ ደፋር ሆነው አይደለም። ማጹኤ ላይ መጽሐፉን የመለሰው አንቀጽ 21 ብቻውን አልነበረም፤ «ለምን ወረደ?» ብሎ የጮኸው አንባቢ ነው። ለመጽሐፍ መጮህ ደግሞ ዋጋ አላስከፈለውም። እኛ ጋ በ1976 «በዓሉ የት ገባ?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ራሱን የቻለ አደጋ ነበር። ደራሲን ከሕጉ እኩል የሚጠብቀው ጠያቂ አንባቢ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው ጠያቂውን ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቁ። «ኦሮማይ»ን ያኔ ያነበበ፣ የደበቀ፣ ለጎረቤት ያዋሰ ሰው በየቤቱ አለ። ምን እንዳነበቡ፣ ከማን እንዳገኙት፣ የት እንደደበቁት ጻፉላቸው። ረቂቁን ለሳንሱር ሰጥቶ ያልተመለሰለት፣ ወይም ፈርቶ ያቃጠለ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ስለ ምን እንደነበረ ጠይቁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትሆንም ትበቃለች፤ ስም ካልነበረው መጽሐፍ ቢያንስ ርዕሱ ይተርፋል።

የቃሊቲና የአቃቂ ልጆችም ከሳሪስ አቦ ወደ ታች ስትወርዱ፣ ከባድ መኪናው መንገድ ዘግቶ ታክሲው ሲቆም፣ ያቺ ቮልስዋገን በዚሁ መስመር ላይ እንደተገኘች አጠገባችሁ ለተቀመጠው ንገሩት።