በስተእርጅና አብራሪ የሆኑት የቤድፎርድ ዱቼስ

እንጨት የሚታረቀው በእርጥቡ፣ ሰውም የሚማረው በልጅነቱ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ሥር የሰደደ ነው። በተለይም እንደ አይሮፕላን ማብረር ያለ፣ ዓይንን፣ ጆሮንና እጅን ባንድ ጊዜ የሚጠይቅ ሙያ ለወጣቶች ብቻ የተፈቀደ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በበረራ ታሪክ የመጀመሪያ ዘመናት፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ሳይሆን ከሞላቸው በኋላ፣ ያውም ጆሯቸው እየደከመ፣ ይህን ሙያ ከሀ ሁ ጀምረው የተማሩ አንዲት እንግሊዛዊት ነበሩ። እኚህም ሴት የቤድፎርድ ዱቼስ ሜሪ ራስል ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ በ1865 ከአንድ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ቤት ተወለዱ። አባታቸው በላሆር ያገለግሉ ስለነበረ የወጣትነት ዘመናቸውን ከፊል ያሳለፉት በህንድ አገር ነበር። በዚያም ሳሉ ጽኑ ትኩሳት ያዛቸው፤ ሕይወታቸው ቢተርፍም ሕመሙ ከጆሯቸው ሳይወጣ ቀረ። መስማታቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሲሄድ፣ በአንጻሩ ከውጭ የማይመጣ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ጭው የሚል ድምፅ ቀንና ሌሊት ያስጨንቃቸው ጀመር። በ1888 እዚያው ህንድ አገር ሎርድ ኸርብራንድ ራስልን አገቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ የባላቸው ወንድም ሲሞቱ ባላቸው የዱክነቱን ማዕርግ ስለወረሱ፣ የካህኑ ልጅ የወበርን አቢ ታላቅ ቤተ መንግሥት እመቤት ለመሆን በቁ።

ያን ጊዜ የመኳንንት ሚስቶች ሆስፒታል አሠርተው፣ ስማቸውን በግድግዳው ላይ አስቀርጸው ወደ እልፍኛቸው መመለሳቸው የተለመደ ነበር። እኚህ ዱቼስ ግን ሆስፒታል ማሠራቱ አልበቃቸውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወበርን ለቁስለኞች ሆስፒታል ተቋቁሞ ሳለ፣ እርሳቸው ራሳቸው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስነት ተሰለፉ፤ ከዚያም ራጅ ማንሣትን ተምረው የራጅ ክፍሉን ሥራ ያካሂዱ ጀመር። ይህንን ሲማሩ ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነበር። እንግዲህ ስለ በረራው ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ዱቼሷ ወደ ሰማይ የወጡት ሥራ ፈትታ መዝናኛ እንዳጣች ባለጸጋ ሳይሆን፣ ከጎለመሱ በኋላ አዲስ ሙያ መማርን አስቀድመው እንደ ለመዱ ሠራተኛ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ በአይሮፕላን የተሳፈሩት በ1926፣ በስልሳ ዓመታቸው ነው። በዚያም በረራ ያላሰቡትን ነገር አገኙ። ከፍ ብለው ሲበሩ፣ ለዓመታት ሲያንገላታቸው የኖረው የጆሮ ጩኸት ቀለል ያለላቸው መሰላቸው። ሌሎች በሞተሩ ድምፅ ሲደነቁሩ፣ እርሳቸው በዚያው ድምፅ መካከል ዕረፍት አገኙ። ከዚያ ቀን ወዲህ በረራን ከመውደድ አልፈው ፈለጉት ማለት ይቻላል።

የጋዜጣ ዝና ያተረፈላቸው ግን ረዥሙ ጉዞ ነው። በ1928 ከካፒቴን ባርናርድ ጋር ወደ ህንድ ለመብረር ተነሥተው ነበር፤ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ቡሽህር ላይ ሞተሩ ተበላሽቶ ጉዞው ተቋረጠ። ተስፋ አልቆረጡም። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር፣ «ሸረሪት» የሚል ስም በተሰጠው በዚያው የፎከር አይሮፕላን ከእንግሊዝ ተነሥተው ካራቺ ደርሰው ስምንት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመለሱ። የደርሶ መልሱ ርቀት 10,000 ማይል ያህል ነበር። በ1930 ደግሞ በ10 ቀናት ውስጥ 91 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በርረው ኬፕታውን ገቡ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ «በራሪዋ ዱቼስ» ብሎ ሰየማቸው። ሆኖም እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚህ ጉዞዎች ኀላፊነቱን የተሸከሙት ባርናርድ ነበሩ። ዱቼሷ አልፎ አልፎ መሪውን ቢይዙም በሌላ ሰው ሙያ ታምነው የሚጓዙ ነበሩ። የእርሳቸው የገዛ ራሳቸው ታሪክ የሚገኘው ከዚህ ይልቅ ብዙም ባልተወራለት በትንሹ አይሮፕላን ውስጥ ነው።

ይህ አይሮፕላን የደ ሃቪላንድ ፋብሪካ የሠራው «ሞዝ» ነው፤ ትርጓሜውም የእሳት እራት ማለት ነው። በየካቲት 1925 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበረው። ድርብ ክንፉ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ በመለስተኛ ጋራዥ ውስጥ ለማሳደር ይቻል ነበር። ጣራ የሌላቸው ሁለት መቀመጫዎቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሆኑ አስተማሪና ተማሪ ፊት ለፊት አይተያዩም። ስለዚህ አስተማሪው የሚናገረው «የጎስፖርት ቱቦ» በሚባል የጎማ ቱቦ ነበር። ቃሉ በቱቦው አልፎ በቀጥታ በተማሪው ጆሮ ይገባል። ትእዛዙም፣ ተግሣጹም፣ ማስጠንቀቂያውም የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ብቻ ነው። ጆሮው ለከዳው ተማሪ ይህ ምን ያህል ጋሬጣ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በዚያ ዘመን አብራሪው ፍጥነቱን የሚያውቀው በመለኪያ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ክንፎቹን ወጥረው የያዙት የብረት ሽቦዎች በነፋሱ ይዘምራሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ዜማቸው ይቀጥናል፣ ሲቀንስ ይዶለዱማል፣ ዝም ሲሉ አይሮፕላኑ ሊወድቅ ቀርቧል ማለት ነው። ሞተሩም ሳይታመም አስቀድሞ በድምፁ ይናገራል። ይህን ሁሉ የማይሰማ ሰው የሞተሩን ዙርና የዘይቱን ግፊት በዓይኑ ሲጠብቅ፣ የመሪውን መላላትና መጠንከር በእጁ፣ የአካሉን ንዝረት በመቀመጫው ሲያዳምጥ መዋል አለበት። ወጣቱ በደመ ነፍስ የሚያደርገውን፣ አረጋዊው ተማሪ በሐሳብ ሊያደርገው ይገደዳል።

ስለዚህ ዓይነት አይሮፕላን ሲነሣ የአገራችን አንባቢ የሚያስታውሰው ነገር ሳይኖር አይቀርም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው አይሮፕላን ካረፈ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1930 የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ ትሪኒዳድ የተወለደው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁልያን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ የከሰከሰው በዚያው ዓመት ነው። ሞዝ ለመማር ገር ቢሆንም ለቸልተኛ ምሕረት አልነበረውም።

ዱቼሷ በ64 ዓመታቸው፣ በዚሁ በ1930፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን በረሩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ታሪክ ጭብጨባ የሌለበት፣ ሰዓት እየቆጠሩ የሚጓዙበት ነው። ብቻቸውን የበረሩበት ጊዜ በደቂቃ እየተመዘገበ፣ በመጋቢት 1937 በጠቅላላው 199 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ደርሶ ነበር። ይህ ለሰባት ዓመት ሲካፈል በዓመት ሠላሳ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የመደበኛ አብራሪ የጥቂት ሳምንታት ሥራ መሆኑ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ከዚህ አኳያ ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብቻን በሚደረግ በረራ ውስጥ የማዕርግ ብልጫ የለም፤ አሽከርም፣ ገረድም፣ ካፒቴን ባርናርድም አብረው አይቀመጡም። በዚያ መዝገብ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ደቂቃ ከማንም ያልተወረሰች፣ በገዛ እጅ የተገኘች ናት። ሁለት መቶ ሰዓት ለመሙላት የቀራቸውም 56 ደቂቃ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 71 ደርሷል፤ መስማታቸውም ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እንዲህ ላለ ሰው የበረራ ዘመን ሰፊ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1937 ከሰዓት በኋላ ያችን የቀረችውን ጊዜ ለመሙላት ከወበርን ብቻቸውን ተነሡ። በመንገድ ላይ ሳሉ የበረዶ ውርጅብኝ መጣ። የበረዶ ጭጋግ ምድርንና ሰማይን ሲያመሳስል፣ መንገዱን መሬት እያየ ለሚበር አብራሪ የሚቀረው መመሪያ ኮምፓስና ሰዓት ብቻ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሳተ ሰው ደግሞ ከፊቱ የሚጠብቀው ባሕር ነው።

ወደ ወበርን አልተመለሱም። ፍለጋው ብዙም ፍሬ አልሰጠም። ከቆይታ በኋላ የሞዟን ክንፎች ደግፈው ይይዙ ከነበሩት ምሰሶዎች አንዳንዶቹ በሰሜን ባሕር ዳር፣ በግሬት ያርማውዝ አካባቢ ማዕበል ተፍቷቸው ተገኙ። አስከሬናቸው አልተገኘም። ሞዟ ከመውደቋ በፊት ለስንት ደቂቃ በአየር ላይ እንደ ቆየች የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ 199 ሰዓት ከ4 ደቂቃ የሚለው ድምር እንዳለ ቀረ።