ካምቢዮና ጥርስ፦ የብስክሌት ማርሽ ታሪክ ከመካነ ሰላም ሲታይ



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ብስክሌት ከሚነዱ ተማሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው። «የማውንቴን ብስክሌቴ ማርሽ ሲቀየር ይንቋቋል፤ ዳገት ላይ ካቴናው ይዘላል። ያለችኝን ገንዘብ በየትኛው ዕቃ ላይ ላውላት?» ይሉኛል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚህ ወደ ዐባይ በረሃ መውረዱ ይቀላል፤ መመለሱ ግን የሰውንም የማርሽንም አቅም ይፈትናል። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁንና ማርሽን በጊዜ ሂደት ያለሰለሰው ምን እንደሆነ የተረዳ ሰው ምን መግዛት እንዳለበት አይጠፋውም ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴና የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዕቃው ስሙን ይዞ ገባ። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ራሳቸው ግን ማርሽን በቀላሉ አልተቀበሉትም። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀያየርን ለአረጋውያን የሚገባ ነገር አድርጎ ይመለከተው ስለነበር ተወዳዳሪዎች ዳገት ሲደርሱ ይወርዱና የኋላውን ጎማ ፈትተው ያዞሩት ነበር፤ በጎማው ግራና ቀኝ የተለያየ መጠን ያላቸው ጥርሶች ነበሩና። ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው መሣሪያ በዚያ ውድድር የተፈቀደው በ1937 ነው።

ከተፈቀደም በኋላ ቢሆን ማንሻው እንደ ዛሬው «ቀጭ» ብሎ የሚቆምበት ደረጃ አልነበረውም። ነጂው ማንሻውን ቀስ እያደረገ ይስባል፣ ጆሮውን ወደ ካቴናው ያዘነብላል፣ ድምፁ ጸጥ ሲል ይተወዋል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ሲሰለፉ የዓለም ማርሽ ገና እዚህ ደረጃ ላይ ነበር። በቡድን የጎዳና ውድድር ዘጠነኛ ሆነው አጠናቀዋል። ስለ ሯጮቻችን የምናውቀውን ያህል ስለ እነዚህ ሰዎች አለማወቃችን ያሳዝነኛል፤ ይህ ግን ሌላ ገለጻ ይፈልጋል።

ወሳኙ ለውጥ ከጃፓን መጣ። ሰንቱር የተባለው ኩባንያ በ1964 የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ክንድ አዘንብሎ ሠራው። ክንዱ ከትንሹ ጥርስ ወደ ትልቁ ሲሄድ ከጥርሶቹ ያለው ርቀት ብዙ ሳይለዋወጥ ይከተላቸው ጀመር። የፈጠራ መብቱ ጊዜ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲያበቃ ሌሎችም ወረሱት። ሺማኖ በ1984 በዱራ ኤስ ዕቃው «ቀጭ» የሚለውን ማንሻ ሲያቀርብ የተሳካለት ክንዱ ስላማረ ብቻ አልነበረም፤ ማንሻውን፣ ሽቦውን፣ የሽቦውን ሽፋን፣ ካቴናውንና ጥርሱን እንደ አንድ ቤተሰብ አስማምቶ ስለሠራቸው ነው። በ1989 ደግሞ ሃይፐርግላይድ በሚል ስም በጥርሶቹ ጎን ላይ ትናንሽ መወጣጫዎችን ቀረጸ፤ ካቴናው መዝለሉን ትቶ መንሸራተት ያዘ። ለስላሳነት የመጣው ዓይን ከሚስበው ክንድ ይልቅ ማንም ከማያያቸው ከሽቦውና ከጥርሱ ጎን ነው።

ታዲያ ሁሉን ትቶ ውድ ክንድ ብቻ የሚገዛ ተማሪ ገንዘቡን የሚያፈሰው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ማስመሪያ ያንሣ። የካቴና ቀለበት ከመሃል እስከ መሃል 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ 24 ቀለበቶች 304.8 ሚሊሜትር መሆን አለባቸው። 307 ከደረሱ ካቴናው አልቋል። ብዙ ከቆየ ደግሞ የኋላውን ጥርስ በልቶታልና አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ይዘላል፤ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። ቀጥሎ ሽቦውና ሽፋኑ ነው። የፍሬን ሽቦ ሽፋን ውስጡ እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ስለሆነ ሲሳብ ይኮማተራል፤ የማርሹ ግን በቁመቱ የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ነው። ከውጭ ይመሳሰላሉና አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ማርሹ መስመር አይይዝም። ክንዱ የተሰቀለበት ጆሮም ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ተጣሞ እንደሆነ ከኋላ ቆሞ ማየት ነው፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንሻና ክንድ ለመቀየር የሚሻ በአንድ ማንሻ ስበት የሚስማሙትን ይምረጥ፤ የአንዱን ኩባንያ ማንሻ ከሌላው ክንድ ጋር ማጋባት ብዙ ጊዜ አይሰምርም። ከ2012 ወዲህ ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ፣ ከኋላ 11 ከዚያም 12 ጥርስ የሚለው አሠራር ተስፋፍቷል። የፊቱን ማርሽ ጣጣ አስቀርቷልና አላቃልለውም። ነገር ግን በ7 ጥርስ ካሴት ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 5 ሚሊሜትር ያህል የነበረው ርቀት በ12 ጥርስ ወደ 3.5 ገደማ ወርዷል። ርቀቱ በጠበበ ቁጥር የላላ ሽቦና የአቧራ ይቅርታው ያንሳል። የቦረናን የበጋ አቧራ ለምታውቁት ለእናንተ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

እኔ ብሆን ከኋላ 8 ጥርስ፣ ትልቁ 34፣ ከፊት ትንሹ 22 የሆነውን እመርጣለሁ። በዚህ ስሌት ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ ከሁለት ሦስተኛ ዙር ጥቂት ያነሰ ይዞራል። የዐባይን ዳገት ለመውጣት ከዚህ የቀለለ ማርሽ የሚያሻው ወርዶ ቢገፋ ይሻለዋል።