ኮሮፕሌት፦ የቀለም እርከን ካርታና አነባበቡ

አንዱ ወረዳ ፈካ፣ ሌላው ደመቅ፣ ሦስተኛው ጠቆር ብሎ የተቀባበት፣ ጥጉ ላይ የቀለሞቹን ትርጉም የምትናገር ትንሽ ሳጥን ያለችበት ካርታ ሳያዩ አልቀሩም። የምርጫ ውጤት፣ የክትባት ሽፋን፣ የወባ ስርጭት፣ የምግብ እጥረት፣ ብዙው ነገር ዛሬ በዚህ ዓይነት ካርታ ይቀርባል። የካርታ ባለሙያዎች ኮሮፕሌት ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ "የቀለም እርከን ካርታ" ብለነዋል።

ፍቺው አጭር ነው፦ ወሰናቸው አስቀድሞ የታወቀ ቦታዎች፣ ማለትም ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ወይም አገር፣ በውስጣቸው በተለካው አኃዝ ደረጃ ልክ ቀለም የሚሞሉበት ካርታ። አብዛኛውን ጊዜ አኃዙ ከፍ ሲል ቀለሙ ይጠቁራል።

ስያሜው

ኮሮፕሌት የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጆን ኬ. ራይት ሲሆን፣ የመሠረተውም "ቦታ" እና "ብዛት" የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። ቃል በቃል "የቦታ ብዛት" ብንለው ምኑም አይገባም። "ባለቀለም ካርታ" ብንለው ደግሞ አገሮችን ለመለየት ብቻ የተቀባውን የትምህርት ቤት አትላስ ይጨምርብናል። እርከን ግን ሥራውን ይገልጻል። ገበሬ ተዳፋቱን ቆርጦ መደብ በመደብ እንደሚያደርገው፣ ካርታ ሠሪውም ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚወጣውን አኃዝ ቆራርጦ አራት ወይም አምስት መደብ ያወጣና ለየመደቡ አንዳንድ ቀለም ይሰጣል።

አመጣጡ

ካርታው ከስሙ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1826 ፈረንሳዊው መሐንዲስና የሒሳብ ሊቅ ሻርል ዱፓን የአገሩን አስተዳደራዊ ክፍሎች ከነጭ እስከ ጥቁር በሚደርስ ጥላ ሞላቸው። የለካው ነገር ግልጽ ነበር፦ አንድ ወንድ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ከስንት ነዋሪ ነው? ተማሪ ባነሰበት ጥላው ይጠቁራል። ካርታው ሲወጣ አገሪቱ ለሁለት የተከፈለች መሰለች። ከሳን ማሎ እስከ ጄኔቭ መስመር ቢሰመር፣ ከመስመሩ በስተሰሜንና ምሥራቅ ያለው ፈካ፣ በስተደቡብና ምዕራብ ያለው ጠቆር ብሎ ይታያል። ሰንጠረዥ ውስጥ ተደርድሮ የነበረው አኃዝ ካርታ ላይ ሲወጣ የፖለቲካ መከራከሪያ ሆነ። "የበራችው ፈረንሳይ" እና "የጨለመችው ፈረንሳይ" የሚለው ንግግር ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ።

ዱፓን የተማሪዎችን ድምር አለመቀባቱን ልብ ይሏል። የተማሪውን ቁጥር ከነዋሪው ጋር አነጻጽሮ ነው የሠራው። ይህን የዘነጋ ካርታ ዛሬም ሞልቷል።

ድምርና ምጣኔ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦሮሚያ ክልል 27 ሚሊዮን ገደማ፣ ሐረሪ ክልል ደግሞ 183 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። በየክልሉ የታመመውን ሰው ድምር ወስደን ብንቀባ በሽታው ወባም ይሁን የስኳር ሕመም ኦሮሚያ ይጠቁራል፣ ሐረሪ ይፈካል። እንዲህ ያለው ካርታ ስለ በሽታው የሚነግረን የለም፤ የሕዝብ ብዛትን በሌላ ስም መልሶ ያሳየናል። ስለዚህ የሙያው ሕግ አንድ ነው፦ በእርከን የሚቀባው ምጣኔ ይሁን። ከመቶ ስንት፣ ከሺህ ሰው ስንት፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ተብሎ ይሠራ። ድምርን ማሳየት የፈለገ በየቦታው መካከል መጠኑ የሚለያይ ክብ ያኑር።

እርከኑ የት ይቆረጥ?

ምጣኔው ተስተካክሎም ካርታ ሠሪው እጁን የሚያስገባበት ሌላ ቦታ አለ። ለምሳሌ ያህል ስድስት ወረዳዎች አሉ እንበል፤ ትምህርት ያቋረጡት ልጆች በመቶኛ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 30 እና 38 ናቸው። ከ4 እስከ 38 ያለውን ርቀት እኩል ለሦስት ብንከፍለው የመጀመሪያዎቹ አራት ወረዳዎች በፈካው እርከን ይሰበሰባሉ፣ መካከለኛው ባዶውን ይቀራል፣ ሁለቱ ይጠቁራሉ። ካርታው "ችግሩ ሁለት ወረዳ ላይ ነው" ይላል። በየእርከኑ እኩል ሁለት ሁለት ወረዳ ይግባ ካልን ግን 7 እና 9 በመቶ ያላቸው ወደ መካከለኛው ቀለም ይወጣሉ። አሁን ካርታው "ችግሩ ከዳር እስከ ዳር እየተስፋፋ ነው" የሚል ይመስላል። ከስድስቱ አኃዞች አንዱም አልተነካም፤ የተነካው መቁረጫው ብቻ ነው። ሁለቱም አቆራረጥ በሙያው የታወቀና የተፈቀደ ስለሆነ አንባቢው ሳጥኗን ሳያነብ ቀለሙን ማመን የለበትም።

ዓይን የሚቆጥረው መሬት ነው

የዚህ ካርታ ትልቁ ድክመት ሰፊ ቦታ ሰፊ ቀለም መውሰዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በየካውንቲው ሲቀባ አገሪቱ በአብዛኛው የሪፐብሊካኖች ቀይ ሆነች። ይሁንና በመላ አገሪቱ ከተሰጠው ድምፅ የዴሞክራቶቹ ዕጩ ሒላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ትበልጥ ነበር። ክፍተቱ የመጣው ሰው ከተማ ላይ ስለሚከማች ነው። ዋዮሚንግ 253 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግታ እ.ኤ.አ. በ2020ው ቆጠራ የነበራት ሕዝብ 577 ሺህ ገደማ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በ177 ካሬ ኪሎ ሜትር 690 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይዛ ነበር። ካርታው ላይ የመጀመሪያዋ ትልቅ አራት ማዕዘን ስትሆን ሁለተኛዋ በቅጡ አትታይም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ካሪም ዱዊብ የተባለ ቤልጂየም የሚሠራ የዳታ ባለሙያ ያንኑ ቀይ ካርታ ወስዶ እያንዳንዱን ካውንቲ በሕዝቡ ብዛት ልክ ወደ ክብ ቀየረው። ሰፋፊዎቹ ቀይ ቦታዎች ወደ ነጠብጣብ ኮሰመኑ፣ በየከተማው ያሉት የዴሞክራቶቹ ሰማያዊ ክቦች ገዝፈው ቀሩ። ተንቀሳቃሽ ምስሉ በኢንተርኔት ብዙ የተዘዋወረው መሬት ድምፅ እንደማይሰጥ በጥቂት ሰከንድ ስላስረዳ ነው።

እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አፋር ክልል 1.4 ሚሊዮን ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። በግድግዳ ካርታ ላይ አዲስ አበባ ነጥብ ናት።

የሚገርመው፣ ስሙን ያወጣው ራይት ራሱ ይህን ካርታ በጥንቃቄ የሚያይ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ማሳቹሴትሱ ኬፕ ኮድ በጻፈው ጥናት የአስተዳደር ወሰኖችን እንዳሉ በአንድ ቀለም ከመሙላት ይልቅ ሰው የማይኖርበትን መሬት ለይቶ አውጥቶ የሕዝብ ጥግግቱን እንደገና አስልቶታል።

የረሃብ ካርታው እንዴት ይነበባል?

በየዜናው የምናየውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የቀለም እርከን ካርታ የምግብ ዋስትና ደረጃ ምደባው ነው። በምሕጻሩ አይፒሲ የሚባለው ይህ ምደባ እ.ኤ.አ. በ2004 ሶማሊያ ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ደረጃ 2 ቢጫ፣ "ቀውስ" የሚባለው ደረጃ 3 ብርቱካናማ፣ ደረጃ 4 ቀይ፣ ረሃብ የሚታወጅበት ደረጃ 5 ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

አንድ ቦታ ብርቱካናማ የሚሆነው ከሕዝቡ ቢያንስ 20 በመቶው ደረጃ 3 ላይ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ ሲገኝ ነው። ለደረጃ 5 የሕፃናት የምግብ እጥረትና የሞት መጠንም አብሮ ይታያል። እንግዲህ ለምሳሌ 300 ሺህ ሰው ያለበትን ቦታ እንውሰድ። 19 በመቶው ቀውስ ላይ ቢሆን 57 ሺህ ሰው ተቸግሯል ማለት ነው፤ ቦታው ግን ቢጫ ነው። 20 ሺህ ሰው ባለበት ሌላ ቦታ 25 በመቶው ቢቸገር 5 ሺህ ሰው ሲሆን ቀለሙ ብርቱካናማ ይሆናል። ቀለሙን ብቻ ያየ ሰው እርዳታው በብዛት ወዴት መሄድ እንዳለበት ቢጠየቅ ወደ ሁለተኛው ይጠቁማል። ከካርታው ጋር በደረጃ የተከፋፈለ የሕዝብ ቁጥር ሰንጠረዥ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ዜና የምትሠሩ፣ ካርታውን ብቻ ቆርጣችሁ አትለጥፉ፤ ሰንጠረዡን አብራችሁ አቅርቡ።

ለአንባቢም የሚበቃው ሦስት ጥያቄ ነው። ቀለሙ የቆመው ለድምር ነው ለምጣኔ? እርከኖቹ የተቆረጡት የት ላይ ነው? በተቀባው መሬት ላይ ስንት ሰው ይኖራል? ለሦስቱም መልስ የሌለው ካርታ ቢደርስዎ ለሌላ ከማጋራትዎ በፊት አኃዙን ይፈልጉ።