ጀብዱው በይፋት፣ ሳቁ በለንደን

የደሴን መንገድ ይዞ የተነሳ መንገደኛ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ ይለቀዋል። ካፖርቱን አውልቆ፣ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከደጋው ጋር ተለያይቷል። ከዚህ ወዲያ ማሽላው፣ ማሾውና የሽንኩርት ማሳው ይቀበሉታል። አማራ፣ አርጎባ፣ አፋርና ኦሮሞ በገበያና በጋብቻ የተሳሰሩበት የይፋት ቆላ ይህ ነው። ከዘይላና ከታጁራ ወደብ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚዘልቀው ለብዙ መቶ ዓመታት በይፋት በኩል ነበር።

በዚሁ መንገድ ካለፉት አንዳንዶቹ አገራቸው ተመልሰው መጽሐፍ ጻፉ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት የእንግሊዝ ልጆች ያደጉበትን የጀብዱ ታሪክ ለማበጀት ረድተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ እነዚያን ታሪኮች አንብበው ያደጉ የእንግሊዝ ኮሜዲያን በቴሌቪዥን አስመስለው እየሠሩ ሳቁባቸው። የሳቁት ግን በፍቅር ነው። ይህ ታሪክ ለእኛም የሚነግረን ነገር አለ።

ካፒቴኑ ፋሬ ደረሰ

እ.ኤ.አ. በ1841 የቦምቤይ መሐንዲስ ጦር መኮንን የነበረው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ከታጁራ ተነሳ። የአሳልን የጨው ሐይቅና የአፋርን በረሃ በሐሩር አቋርጦ በይፋት ጠርዝ ከምትገኘው ከፋሬ ኬላ ደረሰ። በመንገድ ላይ ሌሊት በተኙበት ሦስት ሰዎቹ ተገድለውበታል። የበረሃው ግመል ጉዞ የሚያበቃው ፋሬ ላይ ነበር። ከዚያ ጭነቱ በሰውና በአህያ ጀርባ ሆኖ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ይፋትን የሚያስተዳድሩት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። የሸዋው ንጉሥ ዘመዶች የሚታሰሩበትን የጎንቾን ወህኒም የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ።

ሃሪስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1841 ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1844 የኢትዮጵያን ደጋዎች የሚተርክ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም የሰር ማዕረግ ተሰጠው። መጽሐፉን ዛሬ ለሚያነብ ሰው አጻጻፉ ወዲያው ይታወቀዋል። ጀግናው ፈረንጅ ነው። በረሃው፣ ሙቀቱና የአገሬው ሰው የሚፈትኑት እሱን ነው። የግመል ነጂዎቹ፣ የኬላ ጠባቂዎቹና የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ከበስተጀርባ የሚታዩ ጥላዎች ናቸው። በዚያው ዘመን በሸዋ የነበረው እንግሊዛዊ ቻርለስ ቤክ እንኳን ከሃሪስ ጋር በአደባባይ ተከራክሯል። በ1842 በአልዩ አምባ የኖረው ሐኪሙ ቻርለስ ጆንስተን ግን በወባ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን የጎረቤቶቹን ኑሮና የገበያውን ውሎ ጽፎልናል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ይፋት ለማወቅ የሚሻ ሰው ጆንስተንን ቢያነብ ይበልጥ ይጠቀማል።

ከመቅደላ እስከ ልጆች መደርደሪያ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሰዉ፣ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ከመጡት ጋዜጠኞች መካከል ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ የሚባል የስታንዳርድ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። ሄንቲ ስለ ዘመቻው መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ወደ ልጆች ታሪክ ዞረ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለወንድ ልጆች የጀብዱ ታሪክ በመጻፍም ከሁሉ የታወቀ ሆነ። የመጻሕፍቱ ቁጥር ከመቶ ያልፋል። በሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ደፋር የእንግሊዝ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፣ ይዋጋል፣ ያሸንፋል፣ ሀብታም ሆኖ ይመለሳል። በኋላ በአፍሪካ ጉዞው ስሙ የገነነው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊም ለኒውዮርክ ሄራልድ እየዘገበ መቅደላ ላይ ነበር።

ኢትዮጵያ ለእነዚህ ጸሐፊዎች ልምድ የቀሰሙባት አገር ነበረች። ለእኛ ሐዘን የሆነው የመቅደላ ተራራ ለእነሱ የሥራ መስክ ሆነ። ይህን ስናነሳ ልባችን ቢቆስል ተገቢ ነው፤ የተዘረፈው ቅርስ አብዛኛው እስከ ዛሬ አልተመለሰምና።

ወዳጆች ሲስቁ

እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1976 የእንግሊዙ ቢቢሲ እንዲህ ባሉ የጀብዱ ታሪኮች የሚስቅ አንድ አዲስ ኮሜዲ አሳየ። ደራሲዎቹ ከሞንቲ ፓይተን የኮሜዲ ቡድን የወጡት ማይክል ፔሊንና ቴሪ ጆንስ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል፣ ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ያሳተመውን ታዋቂ የአዳሪ ትምህርት ቤት ታሪክ አስመስሎ የተሠራ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ልጆችን ማሰቃየት ደንብ ሆኗል፤ ጉልበተኛው ተማሪም ሹመት አለው። ሌላ ክፍል ላይ አንድ ካፒቴን እንቁራሪቶችን አሰልፎ የአንዲስን ተራራ ለማሻገር ይዘምታል። ካፒቴን ሃሪስን ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ የሚስቀው በምን እንደሆነ ያውቃል። ዓላማው ከንቱ ሆኖ ሳለ ሰውየው በክብር ይናገራል፤ የአገሬው ሰዎች ደግሞ ግራ ተጋብተው ያዩታል። ዝግጅቱ ብዙ ወጪ ስለጠየቀ ዘጠኝ ክፍል ብቻ ተሠርቶ በ1979 ቆመ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1982 ደግሞ ቻናል ፎር የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ በጀመረበት ምሽት ዶውን ፍሬንች፣ ጄኒፈር ሳውንደርስ፣ ኤድሪያን ኤድመንድሰንና ፒተር ሪቻርድሰን የኢኒድ ብላይተንን አምስት ጓደኛሞች አስመስለው ተጫወቱ። ብላይተን ከ1942 እስከ 1963 ስለ አራት ልጆችና ስለ ውሻቸው 21 መጻሕፍት ጽፋለች። ኮሜዲው ብስክሌቱንም፣ ሜዳ ላይ የሚበላውን ምሳም፣ ውሻውንም ይዟል። ከሁሉ በላይ የነካው ግን ልጆቹ ሰውን በመልኩና በአነጋገሩ ብቻ ወንጀለኛ የሚሉበትን ንቀት ነው።

እነዚህን ሥራዎች ከተራ ፌዝ የሚለያቸው ጥንቃቄያቸው ነው። ልብሱ የዘመኑ ልብስ ነው፤ ተዋናዮቹ ፊታቸውን ሳይፈቱ በቁም ነገር ይጫወታሉ። መጽሐፉን በልጅነቱ ደጋግሞ ያላነበበ ሰው እንዲህ ሊሠራው አይችልም። ቴሪ ጆንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ አንድ ቫይኪንግ መርከበኛ የጻፈው የልጆች ጀብዱ ተሸላሚ ሆኗል። ማይክል ፔሊንም በ1991 ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ ከሱዳን ገብቶ በጎንደርና በአዲስ አበባ አልፏል። በጀብደኛው ላይ የሳቀው ሰው ራሱ ተጓዥ ሆኖ፣ ግን አገሬውን በአክብሮት እያናገረ፣ አገራችንን አየ። እንግሊዞች የአያቶቻቸውን ትዕቢት የነቀሱት በእንዲህ ያለ ሳቅም ጭምር ነው።

እኛስ ዘንድ?

ከልጆች ተረት ቀልድና ትችት ማውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ ሰያ ደብር የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የሠሩት እንስሳት ከሚናገሩበት ተረት ነው። ተረቱ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት አወሩ፤ ጅቡንም ጦጣውንም በድምፃቸው ሆነው ተጫወቱ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው እሳቸውን እያየ ያደገ ትውልድ ነው። አንድ ኮሜዲያን የእሳቸውን አነጋገር ቢያስመስል አገር በፍቅር የሚስቀው ሁሉም ልጅነቱን ስለሚያስታውስ ነው።

ተረቱ አለን። የጎደለን በራሳችን መልክዓ ምድር፣ በራሳችን ልጆች የሚመራ የጀብዱ ታሪክ ነው፤ ጥሬው ግን ሞልቷል። ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው በ12 ዓመታቸው ገደማ አድዋ የዘመቱ፣ ከዚያም ሩሲያ ተሻግረው የመድፍ ትምህርት የተማሩ የሸዋ ልጅ ናቸው። ይህን በገዛ ብዕራቸው ጽፈውት ሄደዋል። ይፋት ደግሞ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች በተዳፋቱ ላይ የከተማ ፍርስራሽ፣ መስጊዶችና የሱልጣኖቹን ስም የያዙ የመቃብር ድንጋዮች አጥንተዋል። አሞሌ ጨው የጫነ ሲራራ፣ የፋሬ ኬላ፣ የአልዩ አምባ ገበያ፣ የጎንቾ ወህኒ አሉ። ከዚህ በላይ ለልጅ ልብ የሚሆን ምን አለ?

ሃሪስን ከታጁራ ያመጡት ግመል ነጂዎች ያንን ጉዞ በራሳቸው ዓይን ቢተርኩት ሌላ መጽሐፍ ይወጣው ነበር። አሁን ይህን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ለልጆች የሚያሳዩት ከውጭ የተገዛ ካርቱን ብቻ መሆን የለበትም። ደራሲዎቻችን ሸዋ ሮቢት ወርደው፣ የአርጎባን፣ የአፋርን፣ የኦሮሞንና የአማራን ሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉ። የሸዋ ሮቢት፣ የአጣዬና የአንኮበር መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው እነዚህን ቦታዎች ያሳዩ። በፍቅር የሚስቅ ትውልድ የሚገኘው የሚወደው ታሪክ ሲኖረው ነው፤ ያንን ታሪክ ለልጆቻችን መስጠት ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው።