«በሕግ አምላክ!»

 የማኅበሩን አመሠራረት ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች ስለሚጽፉት፣ እኛ በናይሮቢ በንግድ የምንተዳደረው ደግሞ ሰውን ከክፉ ሥራ ስለሚያግደው ነገር ከአገራችን ታሪክ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ሰው መልአክ አይደለም። ይቆጣል፣ ይመኛል፣ ከተመቸውም የሰው ይወስዳል። አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የተባለውም ለዚህ ነው። ከዚያ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ይሟገታሉ። አበዳሪና ተበዳሪ ደግሞ ነገሩ እስኪያልቅ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ ነበር። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ከበላይ ያለው ዳኛ የሚፈርደው በፍትሐ ነገሥት ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጽፎ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ዘመናዊው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ወጡ።

የድሮው ሁሉ መልካም ነበር አንልም። በሌባ ሻይ ልማድ፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። ስንት ንጹሕ ሰው እንደተበደለ ፈጣሪ ይወቀው።

እኛ አገር ለቀን ስንወጣ የጎረቤት ዓይንም የአባት ቁጣም ቀረ። ናይሮቢ ላይ «በሕግ አምላክ» ብንል ማን ይሰማናል? እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ ሚዛን ላይ ጣት ለማሳረፍ ያልተፈተንን ጥቂት ነን።

አንድ ጊዜ ዕቁብ የደረሰው ወንድማችን ገንዘቡን ይዞ ሊጠፋ አስቦ ነበር። የተጻፈ ውል አልነበረንም። ካህኑና ሼኹ ከሽማግሌዎች ጋር ቤቱ ሄደው ከልጆቹ ጋር ቡና ጠጡ። ስለ ገንዘቡ ብዙም አልተናገሩም። በ8 ወር ከፍሎ ጨረሰ። ዛሬም አብሮን አለ፤ ነገሩን ማንም አንስቶበት አያውቅም።

ሆኖም ሽምግልና የበደል መሸፈኛ መሆን የለበትም። ባሏ የደበደባት እኅት «ገመናችን አይውጣ» ተብላ ዝም ብትል ያ ሌላ ሌባ ሻይ ነው፤ ንጹሑ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ነገር ወደ ሕግ ማድረስ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ይሉኝታና ሕግ ሦስት ጉልቻ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል። ማኅበራችን ሦስቱንም ጠብቆ ለልጆቻችን ያድርስልን።