ዐሥራ ሰባት ዓመት የተጠበቀች አንዲት ሌሊት

ብዙ ሰው የፐልፕን ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የተሰበረ አጥንት ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር (ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው)። በ1995 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ሶመርሴት ውስጥ በሚደረገው የግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል፣ ቅዳሜ ማታ ዋናውን መድረክ እንዲይዝ የተመደበው ዘ ስቶን ሮዝስ የተባለው ባንድ ነበር። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆን ስኳየር ከብስክሌት ወድቆ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። በምትኩ ከሼፊልድ የመጣው ፐልፕ ተጠራ። ጁን 24 ማታ ወጣ፣ ተጫወተ፣ በማግሥቱ አገር ሁሉ ስሙን አነሣው። «ዕድል ነው!» ተባለ።

እኛ በዚህ አንስማማም። አጥንቱ በሩን ከፈተው እንጂ በበሩ የገባውን አልፈጠረውም። በበሩ የገባው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከበዓሉ በፊት የነበሩትን ዐሥራ ሰባት ዓመታት መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ፐልፕ የተመሠረተው በ1978 ነው። መሥራቹ ጃርቪስ ኮከር ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ስማቸው «አራቢከስ ፐልፕ» ነበር፤ ይኸውም በኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ከጋዜጣ የሸቀጥ ዋጋ ሠንጠረዥ ላይ የተለቀመ የቡና ስም ነው። እንግዲህ ከጫካችን የወጣው የዐረቢካ ቡና ስሙ ተጣሞ፣ የእንግሊዝ ተማሪዎች ባንድ መጠሪያ ሆኖ ቆየ ማለት ነው! በ1981 ጆን ፒል የተባለው የቢቢሲ ራዲዮ ሰው ሙዚቃቸውን አስቀርጾ አሰማላቸው። ልጆቹ ደረስን አሉ። አልደረሱም። በ1983 የወጣው የመጀመሪያው አልበማቸው ሰሚ አላገኘም፣ ጓደኞቹም አንድ በአንድ ወደየትምህርታቸው ተበተኑ።

ሼፊልድ ደግሞ ቢላዋዋና ማንኪያዋ በዓለም የታወቀ የብረት ከተማ ናት። የ1980 የብረት ሠራተኞች አድማ፣ የ1984ና 85 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ በአካባቢዋ አለፉ፤ ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ብዙ ሺህ ሰው ሥራ ፈታ። ኮከርም ለሥራ አጥ በሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ እየኖረ መዝፈኑን ቀጠለ። በ1985 አንዲት ልጅ እንድታደንቀው ብሎ በመስኮት ሲንጠላጠል ወድቆ ተሰባበረ፤ ለጥቂት ጊዜም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ መድረክ ላይ ዘፈነ። «ድኻ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው» የሚባለው ለካስ እንዲህ ላለው ነው። ዳሩ ግን በነዚህ ባዶ ዓመታት ነበር ጥርሱ ያሉት የባንዱ አባላት የተሰባሰቡት፤ ረስል ሲንየር በቫዮሊንና በጊታር፣ ካንዲዳ ዶይል በኪቦርድ፣ ኒክ ባንክስ በድራም፣ ስቲቭ ማኪ በቤዝ።

በ1988 ኮከር ፊልም ለመማር ለንደን ወደሚገኘው የቅዱስ ማርቲን የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ገባ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ የድኻ ልጅ ከሆነ መተዳደሪያም ይሰጠው ነበር። ክፍያው የመጣው በ1998 ነው። ዐሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ከዚያ ደጅ ይደርስ ነበር ወይ? መልሱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

በዚያ ኮሌጅ ነው ከግሪክ አገር ከመጣች የሀብታም ልጅ ጋር የተገናኘው። ልጅቷ እንደ ተራው ሰው መኖር አማረኝ ትላለች። ኮከር ነገሩን በልቡ ይዞት ቆየ፤ በኋላም «ኮመን ፒፕል» የሚለው ዘፈን ሆነ፤ «ተራ ሰዎች» እንደማለት ነው። የዘፈኑ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ድህነትን የጎበኘና በድህነት የተወለደ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው መውጫ በር አለው፣ ሌላው የለውም። ዜማው ከአንዲት ትንሽ ኪቦርድ በጥቂት ኖታ ይነሣና ቀስ በቀስ እየፈጠነ፣ እየከረረ ሄዶ በጩኸት ያልቃል። ፌዝ መስሎ ይጀምራል፣ ቁጣ ሆኖ ይጨርሳል።

ዘፈኑ በሜይ 1995 ወጥቶ በሽያጭ ሁለተኛ ሆነ። ወር ሳይሞላው የስኳየር አጥንት ተሰበረ። እንግዲህ በዚያች ሌሊት ዘፈኑ የአንድ ወር ልጅ፣ ባንዱ ግን የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሕዝቡ አብሮ ሲዘፍን የሰማው በአንድ ወር የተሠራ አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው «ዲፈረንት ክላስ» የተባለው አልበማቸው አንደኛ ሆነ፤ ስሙም «ላቅ ያለ» ማለት ነው፣ «ሌላ መደብ» ማለትም ነው። ቀልዱን ያልተረዳ የለም።

ታዲያ ከዚያ በኋላስ? ባንዱ በ2002 ተበተነ፣ በ2011 ተሰበሰበ፣ እንደገና ተበትኖ በ2023 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ስቲቭ ማኪ ሞተ። በጁን 2025 ከሃያ አራት ዓመት በኋላ አዲስ አልበም አወጡ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን፣ «ፓችወርክ» በሚል የሽፋን ስም ተመዝግበው ከግላስተንበሪ ዋና መድረክ ላይ ድንገት ወጡ። ሠላሳ ዓመት አልፎ ያው ዘፈን፣ ያው ሜዳ።

ሜዳው ያው ይሁን እንጂ በሩ ያው አይደለም። በዓሉ በ1970 በማይክል ኢቪስ የወተት ላሞች እርሻ ላይ ሲጀመር መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፤ ወተትም በነፃ ይታደል ነበር። በ2025 ግን መግቢያው ከነማስያዣው 378 ፓውንድ ተኩል ገደማ ሆኗል። ስለ ተራ ሰው የተዘፈነውን በዚያ ሜዳ ቆሞ የሰማው ማን ነው? ሁሉም የግሪኳ ልጅ ነው አንልም፤ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ሲያጠራቅም የከረመም አይጠፋም። ነገር ግን ዘፈኑ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥያቄውም ጮኾ በመዝፈን ብቻ የሚመለስ አይደለም።

ጥያቄው እኛንም አይምርም። በዚህች መጽሔት ስለ ሊስትሮው፣ ስለ ቀን ሠራተኛው፣ ስለ ጉሊት ቸርቻሪዋ ግጥም እንጽፋለን። መጻፋችን ደግ ነው፤ ባለ በር ሰው ስለ ሌላው አይጻፍ የሚል ሕግ የለም። ኮከርም ቢሆን ሲዘፍን ኮሌጅ የገባ ሰው ነው። ልዩነቱ፣ በሩ የት እንዳለና ለማን እንደሚከፈት አለመርሳቱ ነው። ብዕር ስናነሣ መጀመሪያ ይህንን እንጠይቅ፤ የምንጽፍለት ሰው ሲመሽ የሚገባበትን እኛ ሲመሽ ከምንገባበት ጋር እናስተያይ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ግጥም ቢያንስ አይዋሽም።